የሰኞው ቲዩብ

ሰው ደሙን የሚሰጠው አንድ ነገር ሲያመው ነው። ቱሪያ ግን ደህና በመሆኗ ነበር የምትሰጠው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይገባ፣ እኔ ክፍል መጥታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ የጋዋኗን እጅጌ ትሰበስባለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስታገላብጥ የምትውል ሴት የራሷን ማየት አትወድም።

"እንዴት ነሽ ቱሪያ?" እላታለሁ ላስቲኩን ክንዷ ላይ እያሰርኩ።

"ያው ነኝ።"

ሁልጊዜ መልሷ ይኸው ነበር። ቲዩቡ ላይ ስሟን አልጽፍም። "ኮንትሮል" ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ቀኑን አድርጌ እሰጣታለሁ። ራሷ ይዛው ትሄዳለች።

እኔ ሳሕራ እባላለሁ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም እቀዳለሁ። ወሬ እወዳለሁ፣ ቶሎም እናደዳለሁ፤ ሁለቱንም የሚያውቀኝ ያውቃል። በሽተኛው ሶማሊኛ ካወራ በሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ ካወራ በኦሮምኛ አባብዬ ነው መርፌውን የምሰካው። ቱሪያን ግን በየትኛውም ቋንቋ ማስወራት አልተቻለኝም። ከእኔ ክፍል የሚለያት አንድ ግድግዳና አንዲት ትንሽ መስኮት ናት፤ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ስንሠራ ከመስኮቷ ወዲያ ማዶ ስላለው ኑሮዋ የማውቀው በጣም ጥቂት ነበር። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ እሳቸው የተዉላት ቤት ውስጥ ትኖራለች። እናቷን እስኪሞቱ ድረስ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ በዚያ መሃል የትዳሩ ጊዜ አለፈ። ጅጅጋ ያለው ወንድሟ ለዒድ ይደውላል። ይኸው ነው።

ሥራዋን ግን ልንገራችሁ፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። እኔ የቀዳሁት ደም በመስኮቷ ወደ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ይረጋል፣ ከዚያ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ከላይ ጠራ ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ሲረም ይሉታል። ስኳር በሉት፣ ጉበት በሉት፣ ኩላሊት በሉት፣ የሚለካው ከዚያች ቢጫ ውሃ ነው። ውሃዋ ቀላ ካለች ደሙ ሲቀዳ ተጎድቷል ማለት ነውና ቱሪያ አትቀበልም። መስኮቷን አንኳኩታ ቲዩቡን ትመልስልኛለች።

"ሳሕራ፣ ይህን ሰውዬ ደም ቀዳሽው ወይስ እንደ ብርቱካን ጨመቅሽው?"

እናደዳለሁ። ግን ልክ ናት፤ ያ ደም ቢለካ የውሸት ቁጥር ያወጣል፣ በውሸት ቁጥር ደግሞ ሰው መድኃኒት ይታዘዝለታል።

እሷን የሚያስፈራት ይህ ነበር። ማሽን ቁጥር ማውጣት አያቅተውም። ደህና ሲሆንም ያወጣል፣ ሲበላሽም ያወጣል፤ ሲዋሽ እንደ ሰው አይንተባተብም። ስለዚህ በየጠዋቱ ከበሽተኛው በፊት መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሲረም ይሰጡታል። ኮንትሮል ማለት እሱ ነው። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ግራፍ በሁለቱ መስመሮች መሃል ከወደቀ የቀኑ ሥራ ይጀመራል። ከመስመሩ ከወጣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ የማንም ውጤት አይወጣም። ዶክተር ይቆጣ፣ በሽተኛ ያልቅስ፣ ቱሪያ ንቅንቅ አትልም።

ኮንትሮሉ በዱቄት መልክ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ያን ዓመት መምጣቱን አቆመ። ስንጠይቅ መንገድ ላይ ነው ይሉናል፤ መንገዱ ግን አላልቅ አለ። ከበሽተኞች የተረፈ ሲረም አቀላቅለው፣ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍለው፣ በረዶ ውስጥ አስቀምጠው ጥቂት ወራት ተጠቀሙበት። ከዚያ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ጠፋ። የድሬዳዋን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በረዶው ቀልጦ ሁሉም ተበላሸ። የዚያን ጊዜ ነው ቱሪያ የራሷን ደም ያመጣችው። ለዓመታት በየምርመራው ደሟ ያው ስለሆነ ቁጥሮቿን በቃሏ ታውቃቸዋለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሰይፈ ሚካኤል ደስ አላለውም። ሰይፈ ሚካኤል ዝግ ያለ ሰው ነው፤ መናገር የሚፈልገውን ሦስት ጊዜ መነጽሩን ጠርጎ ነው የሚናገረው።

"ሰው ኮንትሮል አይሆንም፣ ቱሪያ። ሰው ይለዋወጣል።"

"እኔ ምኔ ይለዋወጣል?" አለችው። "የምበላው ያው፣ የምተኛበት ሰዓት ያው። ሰው አይመጣብኝ፣ ሰው አይሄድብኝ።"

ሳቅን። እሷም አብራ ሳቀች። ኮንትሮሉ እስኪመጣ ለጊዜው ይሁን ተባለ፤ "ለጊዜው" የሚባል ነገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት እንደሚቆይ የሠራችሁበት ታውቃላችሁ።

እንዲህ ሆኖ ሰኞ ሰኞ እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። የሰኞው ሲረም ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ሳምንቱን ያገለግላል። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ሥራ ጨመረችብኝ ብዬ አጉረምርሜአለሁ። በኋላ ግን ለመድኩት። የምትቆየው ደሙ እስኪሞላ ብቻ ነው። ጥጡን ይዤ ክንዷን እጥፍ ሳደርግላት ግን ለመነሣት አትቸኩልም ነበር። የእጇ ቆዳ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እንጃ።

ይህች ሴት የከተማውን ግማሽ ታውቃለች፣ በመልክ ግን አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቷት የሚቀመጠው ሰውዬ ስኳሩ ሰማይ ሲነካ አስቀድማ ያወቀችው እሷ ትሆናለች፤ እሱ ግን ትንሽ ጠጋ በይ ብሎ ይቆጣታል። ሰው ሲድን ዶክተሩን ያመሰግናል። እኔን እንኳ እጅሽ አያምም ብለው የሚመርቁኝ አሉ። ከመስኮቷ ወዲያ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ግን የለም። ምሳዋን ዕቃ በምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። ስንጠራት "ጨርሻለሁ" ትላለች።

በግንቦት ወር በአንዱ ሰኞ ነው ነገሩ የመጣው። ደሟን እንደ ወትሮው ቀዳሁ፣ ያው ነኝ አለችኝ፣ ይዛው ገባች። ቁጥሯ ባለፉት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ሲወጣ ከርሟል። ስኳሩ ልክ ነው፣ ጉበቱ ልክ ነው፤ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ የኩላሊቱ፣ እሱ ብቻ ነው የሚወጣው። መስመሩን እስካላለፈ ድረስ ሙቀቱ ነው ስትል ነበር። ማሽኑ ያለበት ክፍል ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ማራገቢያው የሚገፋው ትኩስ አየር ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ቁጥሯ መስመሩን ዘሎ ወጣ።

መስኮቷን አንኳኳች። "ሳሕራ፣ የኩላሊት ምርመራ ያላቸውን አስጠብቂያቸው። ማሽኑ እየዋሸ ነው።"

አስጠብቂ ማለት ለእሷ ቀላል ነው፤ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ። ከሚጠብቁት መሃል ከጀልዴሳ የመጡ ሰማታር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እግራቸው አብጧል። ሴት ልጃቸው አያን በአንድ ወገን፣ ወንድማቸው በሌላ ወገን ደግፈዋቸዋል፤ ከኋላ ደግሞ ውሃ የያዘ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዝም ብሎ የመጣ፣ ኮሪደሩን የሞላ ዘመድ ነበር። ዶክተሩ የኩላሊታቸውን ውጤት አይቶ ወይ መድኃኒት ሰጥቶ ይመልሳቸዋል፣ ወይ ወደ ሐረር ይልካቸዋል። ወደ ጀልዴሳ የሚመለሰው መኪና ደግሞ ከሰዓት ነው የሚሄደው።

"ናያ፣ አንቺ፣ አባቴ ይሙት ወይ?" አለችኝ አያን። "ደሙን ከወሰዳችሁ ቆየ እኮ።"

"አብሽሪ፣ ይደርሳል" አልኳት። ውስጤ ግን እየበገነ መስኮቷን ከፍቼ፣ "አቦ ቱሪያ! የሽማግሌውን ብቻ ስጪኝ፣ ቁጥሩ ወጥቶ የለ?" አልኩ።

"ወጥቷል። ከፍ ያለ ነው።"

"ታዲያ?"

"የእኔም ከፍ ብሏል። እኔ ታምሜአለሁ እንዴ?" አለችና መስኮቷን ዘጋችው።

ከዚያ ማሽኑ ላይ ዘመተች። የሚለካበትን ፈሳሽ አዲስ ከፈተች። ውሃውን ቀየረች። ማሽኑን ከመነሻው አስተካከለችው። የራሷን ሲረም መልሳ ለካች፤ ያው ከፍ ያለ ቁጥር ወጣ። እኔ በመስኮቱ አያታለሁ፤ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፣ ውሃ አትጠጣም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መጠጣት ክልክል ነው፣ ለመውጣት ደግሞ ጊዜ የላትም። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ቀና ትላለች። ጉልበቷ የሚያማት ከቆየ ነው።

ሰይፈ ሚካኤል መነጽሩን ጠረገ። "የዓርቡ የተረፉ ሲረሞች ፍሪጅ ውስጥ አሉ አይደል? እነሱን መልሰሽ ለኪያቸው።"

ለካቻቸው። የዓርቡን ቁጥር እንዳለ ሰጧት። ቲዩቦቹን ወደ ፍሪጁ መለሰቻቸው።

"የሌላ ጤነኛ ሰው ደም እንሞክር" አለ ቀስ ብሎ። "የሳሕራ ባለፈው ወር ተለክቶ ነበር።"

እንግዲህ እኔ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ደሜን የቀዳችው ቱሪያ ናት። ከመርፌ ጋር ከተለያየች ዘመን ሆኗታል፣ ግን ደም ሥሬን በአንድ ጊዜ አገኘችው። ክንዴን ስትይዘኝ ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቃ እንደያዘችኝ አስታውሳለሁ።

የእኔም ቁጥር እንደ ባለፈው ወሩ ወጣ። ሰይፈ ሚካኤል ተነሣ። ከሦስታችን ሲረም፣ ከእሷ፣ ከእኔና ከሽማግሌው፣ ትንሽ ትንሽ ቀንሶ በበረዶ ሳጥን አድርጎ፣ በባጃጅ ኮንትሮል ወዳላለቀባቸው ጓደኞቹ ላቦራቶሪ ራሱ ይዞ ሄደ። እስኪደውል ድረስ ቱሪያ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ቀረች። እኔ አራት ሰው ቀዳሁ፤ ማን ማን እንደነበሩ አላስታውስም።

ስልኩ ሲጮህ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ሰይፈ ሚካኤል ሦስቱን ቁጥሮች አነበበ። እዚያም እንደ እዚህ ነው፤ ሦስቱም አልተለወጡም።

"ማሽኑ ደህና ነው" አለች ቱሪያ። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት፣ ከልቧ ነው ያረፈችው። "አልሐምዱሊላህ። ማሽኑ ደህና ነው።"

የቀረውን ማንም አፍ አውጥቶ ሊለው አልቻለም። እሷ ቁጭ ብላ የታገደውን ውጤት ሁሉ አንድ በአንድ ፈርማ በመስኮቱ ሰጠችኝ። የሽማግሌው ላይ ከሥሩ አሰመረችበት። ዶክተሩ በሩን ከፍቶ "የአቶ ሰማታር አስታማሚ!" ብሎ ሲጣራ ኮሪደሩ እንዳለ ተነሣ፤ ማን ይግባ ማን ይቅር ሲሉ ተጋፉ። ወደ ሐረር እንዲሄዱ ተወሰነ። አያን እያለቀሰች የአባቷን ጫማ አደረገችላቸው፣ ፍራሹን ተሸክመው፣ እንደ ሠርገኛ ተከማችተው ወጡ።

ኮሪደሩ ጭር ሲል መስኮቷን አንኳኳሁ።

"ያንቺስ ቱሪያ?"

"የኔ ምን?"

"ውጤትሽ ነዋ።"

"ኮንትሮል ውጤት አይጻፍለትም" አለችኝ። ቀልዷን ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። ቀልዷን አልነበረም።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ድምፄ በሽተኛ ጋ እስኪደርስ ነው የጮህኩባት። ማሽኑ ስንት ሳምንት ሲነግርሽ አንቺ እሱን ውሸታም አልሽው፤ ግራፉ ላይ ያለችው ነጥብ አንቺ ነሽ፤ ነገ ዶክተር ጋ ካልገባሽ አንድ ጠብታ ደም አልቀዳም፣ ሥራውን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፣ አልኳት። አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ "እኔ እኮ የማልለወጥ መስሎኝ ነበር" አለች፣ ቀስ ብላ።

በማግሥቱ እንደ ሰው ካርድ አወጣች። ቲዩቡ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ጋዋኗን አውልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ። ጋዋን ሳትለብስ አይቻት አላውቅም ነበርና ሌላ ሴት መሰለችኝ። በግራዋ እናቷን ያመጣች ልጅ፣ በቀኟ ሚስቱን የሚያራግብ ባል። ከሷ ጋር ማንም የለም። ሰዉ ዘመድ ጠባቂ ነሽ ወይ እያለ ቦታ ሊያስለቅቃት ይሞክር ነበር።

ዶክተር አኒስ ዘንድ ከገባች በኋላ በሩ ተከፈተና የተለመደው ጥሪ መጣ።

"የቱሪያ አስታማሚ!"

ኮሪደሩ ውስጥ የተነሣ ሰው የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዶክተሩ ደግሞ ጠራ። እኔ የአንድ ወጣት ክንድ አስሬ ደም ሥሩን እየፈለግኩ ነበር። ላስቲኩን ፈታሁለትና "ቆየኝ ወንድሜ" ብዬ ጓንቴን አውልቄ ተነሣሁ።

"አቤት" አልኩ።

ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያውቀኛል፣ ግን በሩን ከፈት አድርጎ አስገባኝ። የምትውጠው መድኃኒት ካለ ጠይቆ ኖሮ ዳይክሎፍናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወጥቷል። ለጉልበቷ ብላ ከፋርማሲ እየገዛች ስንት ጊዜ ስትውጥ ኖራለች። ውሃ ሳይጠጡ፣ በዚህ ሙቀት፣ በየቀኑ። ኩላሊቱን የነካው ይህ ሊሆን ይችላል፣ ቢቆም ሊሻሻል ይችላል፣ ላይሻሻልም ይችላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተለክቶ ነው የሚታወቀው አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቤት ውስጥ ኪኒኑን እንዳትውጥ አንቺ ተከታተያት። ውሃም አስጠጫት።"

"እሺ" አልኩ። ቤቷን አላውቀውም። እሷም እኔም ይህን አልተናገርንም።

ስንወጣ፣ "ዶክተሩን ዋሸሽው" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"አስታማሚ ነኝ ብለሽ።"

"አቤት ነው ያልኩት እንጂ ሌላ ምን አልኩ?" አልኳት። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ማታ ወደ ቤት ስንወጣ ከበሩ ላይ ባጃጅ ያዘች። እኔም ልጆቼ ይጠብቁኛል፣ እራት አለብኝ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ መጋላ የሚሄደውን ሚኒባስ ያዝኩ። ባጃጇ ወደ ደቻቱ ድልድይ ስትታጠፍ የሻሿ ጫፍ በጎን ሲውለበለብ አየሁት።

የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ያ የጠፋው ኮንትሮል መጣ። ሰይፈ ሚካኤል ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያስገባው። ሰኞ ጠዋት ዱቄቱን በውሃ ፈቱት፣ ሳይንጡ ቀስ ብለው አገላበጡት፣ ማሽኑ ለካው። ነጥቡ በሁለቱ መስመሮች መሃል ቁጭ አለ። የእሷ ነጥቦች ያሉበት ወረቀት ከግድግዳው ወርዶ ተጣጥፎ ፋይል ውስጥ ገባ፣ በቦታው አዲስ ተለጠፈ።

እኔ መርፌና ጥጤን እያዘጋጀሁ ነበር። ቀና ስል ቱሪያ በሩ ላይ ቆማለች። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ቱሪያ፣ ኮንትሮሉ መጥቶ የለ እንዴ?"

"መጥቷል።"

"ያንቺስ ቀጠሮ ገና ነው።"

"አውቃለሁ።"

ክንዷን ግን አልሰበሰበችም። ላስቲኩን አላሰርኩም። እንደ ወትሮው ደም ሥሯን እንደምፈልግ ሁሉ ጣቶቼን ክንዷ ላይ አሳረፍኩ፤ ያው እንደቀዘቀዘ ነው።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

ያው ነኝ እስክትል ጠበቅሁ። እሷ ግን ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰች።

"ፈርቻለሁ ሳሕራ" አለች። "ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እፈራለሁ።"

ተራው የደረሰው ሰውዬ በሩን ገፋ አድርጎ አየን። "ትንሽ ቆይ" አልኩት። በሩን ዘጋሁና በሽተኛ የሚደግፉ ሰዎች የሚቀመጡባትን በርጩማ ስቤ፣ ክንዷን እንደያዝኩ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።